ጥርት ያለ ሰው

«ምኑ ነው ይሄ? አይታይም እኮ!» ሲሏት የፎቶግራፍ አንሺዋ ደም ይፈላል። ዛፍ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ማን አለ? ግንዱን ከነቅርፊቱ፣ ቅጠሉን ከነጅማቱ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት የፎቶኮፒ ሥራ እንጂ ጥበብ አይደለም ባይ ናት። ስለዚህ መጸው ገብቶ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ከከተማው ጫፍ ወዳለው ጫካ ትወርዳለች። የካሜራው ዓይን ቶሎ እንዳይከደን ታስተካክለውና፣ ልክ ቁልፉን ስትጫን ካሜራውን ታወዛውዘዋለች። ወደ ላይ ስትስበው ግንዶቹ ዝናብ ይሆናሉ፤ ወደ ጎን ስትጠርገው ቢጫውና ቀዩ ቅጠል በብሩሽ እንደተለቀለቀ ቀለም ይለጠጣል።

በዚህ ከሁሉ አብልጦ የሚያሾፍባት ታላቅ ወንድሟ ነው። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ አባትም እናትም ሆኖ አሳድጓታል። ለእንጨት ነጋዴ የጭነት መኪና ይነዳል።

«ሚጡ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል መሰለኝ። ሐኪም ላሳይሽ?»

«መጀመሪያ አንተ ዓይንህን አሳይ፣ ጋሼ!»

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ጫካው ውስጥ ፎቶ ስታነሳ፣ የጫካው ጥበቃ በብረት ተደብድቦ ወድቆ ተገኘ። ሆስፒታል ገብቷል፤ እስካሁን ራሱን አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ጫካው ዳር የሚኖረውን ከሰል አክሳይ ይዞ አሰረ። ማስረጃው ምንድን ነው? በቀደም ከጥበቃው ጋር ተጨቃጭቆ ነበር፤ በዚያ ላይ ልብሱ ጥቀርሻ ነው። በቃ! ሰፈሩ በአንድ አፍ «እሱ ነው» አለ። ዳቦ ቤት ከተሰለፈው ሰው ሁሉ ጋር ተጣልታ ነው ወደ ቤቷ የመጣችው።

«ድሃ መሆኑን እንጂ ሲመታ ማን አየው?» ብትላቸው፣

«ታዲያ ሌላ ማን ይሆናል?» አለች ዳቦ ሻጯ፣ መልስ ሳንቲም እየቆጠረችላት።

ንዴቷ እንዲበርድላት የትናንቶቹን ፎቶዎች ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። ጥሩ ወጥተዋል። ጫካው እንደ ቅቤ ቀልጧል፤ የቀለም ጅረት ሆኗል። አንዱ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ ጠርጋ ያነሳችው ነው። ዛፎቹ እንዳሰበችው ተለጥጠዋል፤ መሃላቸው ግን አንድ ሰው አለ፣ ጥርት ብሎ።

«ማነው ደግሞ ሥራዬን ያበላሸው?»

ካሜራው ሲያነሳ መመልከቻው ስለሚጨልም ትናንት አላየችውም። ሰውየው ይሮጣል፤ እጇ በሄደበት አቅጣጫ፣ እጇ በሄደበት ፍጥነት። ቆሞ ቢሆን ኖሮ እንደ ዛፎቹ ይለጠጥ ነበር።

ምስሉን አቀረበችው። ሰውየው የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። ጃኬቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል። እራፊውን የሰፋችው ራሷ ናት። ፊቱ ላይ ስትደርስ ቆሌዋ ተገፈፈ።

በሩ ተንኳኳና፣ «ግቡ» ሳትል ተከፈተ።

«ሚጡ፣ ምሳ በላሽ?»

ቶሎ ብላ ወደ ሌላ ፎቶ አለፈች። «አልበላሁም።»

ጋሼ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። «የትናንቱ ነው?»

«አዎ።»

«ያው እንደ ልማድሽ ነው፤ ምኑም አይታይ።» ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው አለቀ። «ስሚ፣ ፖሊስ ምናልባት ከጠየቀሽ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚሁ ነበርን። ቁም ሳጥንሽን ስጠግን ነው የዋልኩት።»

«ቁም ሳጥኔ አልተሰበረም።»

«ይሰበራል።»

«ከሰል አክሳዩስ?»

«እሱን ምን አገባሽ? ዘመድሽ ነው?»

ይሄን ባይናገር ኖሮ ምናልባት ዝም ትል ነበር። ንዴቷ ፍርሃቷን ቀደመው። ፎቶውን መለሰችና ከፊቱ ዞር አለችለት።

ጎንበስ ብሎ አየው።

«ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እኔ እንዴት ጠራሁ?»

«ከእጄ ጋር እኩል ስለሮጥክ ነው።»

«ልጎዳው ብዬ አይደለም። የጫንከው ግንድ ፈቃድ የለውም፣ አታልፍም ብሎ ድርቅ አለብኝ…» አልጨረሰውም። «ለማን አሳየሽው?»

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረባት። «ለመርማሪው ልኬዋለሁ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ስትዋሽ ጆሮዋ እንደሚቀላ ይህ ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃል።

«ገና ለማንም።»

ጋሼ ቀና ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ሊወጣ መስሏት እፎይ ልትል ስትል፣ ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ሰማች።

«አጥፊው» አላት ተመልሶ።

«ሰውየው ታስሯል እኮ፣ ጋሼ።»

«አጥፊው አልኩሽ።»

እጆቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ደረቷ ላይ አጣመረቻቸው። እሱም አልቸኮለም። በእርጋታ ወደ መስኮቱ ሄደና መጋረጃውን ሳበው።