ሁለተኛው መልስ

ኔቬና ከጠዋት ጀምሮ ወንበሯ ላይ መርጋት አቅቷታል። ለስኳር ሕመምተኞች የሠሩት የስልክ መተግበሪያ አዲሱ ቅጂ ዛሬ ማምሻውን ይለቀቃል፤ የሥራ ባልደረባዋ ካሜን ደግሞ ኮዷን እየገመገመ ዝም ብሏል። ያ ለፍላፊ ዝም ካለ ጉድ አለ ማለት ነው።

«አንቺ ልጅ፣» አለ በመጨረሻ ባኒጻ የሚሉትን የአይብ መጋገሪያ እያኘከ፣ «ለዚህ ፈንክሽን የሁለተኛውን መልስ አድራሻ ምነው ባዶ ሰጠሽው?»

«ለጊዜው ነው። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ…»

«‹በኋላ› የሚባል ቀን እዚህ ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ የለም!»

ኮዱ በተጻፈበት በኦብጀክቲቭ ሲ ቋንቋ፣ ፈንክሽን የሚባለው የኮድ ቁራጭ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛ መልስ የፈለገ፣ መልሱ የሚቀመጥበትን አድራሻ ራሱ ይሰጠዋል፤ አድራሻው ባዶ ከሆነ ፈንክሽኑ ስለ ሁለተኛው ትንፍሽ አይልም። ይሄኛው የስኳሩን ቁጥር ይመልሳል፤ ቁጥሩ አዲስ ይሁን አሮጌ የሚናገረው በሁለተኛው መልስ ነው።

«የስኳር መለኪያው ከስልኩ ጋር ካልተገናኘ መተግበሪያው የድሮውን ቁጥር እንደ አዲስ ያሳያል፣» አለ ካሜን። «ደግነቱ ገና አልተለቀቀም።»

የኔቬና ፊት አመድ መሰለ። እሁድ ዕለት አባቷ ወደሚኖሩበት አሴኖቭግራድ ሄዳ አዲሱን ቅጂ ስልካቸው ላይ ጭናዋለች። የመለኪያው ጽሑፍ ለዓይናቸው ስለደቀቀ ቁጥሩን አተልቃ፣ «ከእንግዲህ ስልኩን ብቻ እይ» ያለቻቸው እሷው ናት። ወዲያው ደወለችላቸው።

«አባዬ፣ ዛሬ ስንት አለ?»

«ስድስት ነጥብ ሁለት! እንደ ጤነኛ ሰው!»

«ትናንትስ?»

«ያው ነው። ከእሁድ ጀምሮ ፈቀቅ አላለም። ያቺ ተቆጪ ዶክተር መጥታ ትየኝ! ጣፋጩን ሐልቫም ጀምሬያለሁ።»

«መነጽርህን አድርግና መለኪያው ላይ ያለውን አንብብልኝ። አሁን!»

መሳቢያ ተከፈተ፣ የሆነ ነገር ወደቀ፣ አባቷ ተራገሙ። ኔቬና ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«ሃያ አራት ይላል፣ የስልኩን አራት እጥፍ! ተበላሽቷል መሰለኝ።»

«አባዬ፣ ውሃ ይጠማሃል?»

«እንደ በሬ ነው የምጠጣው። ትናንትማ ዓይኔ ብዥ ብሎብኝ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።»

«ታዲያ በየቀኑ ስደውል ለምን አልነገርከኝም?»

«ቁጥሩን ነዋ የምትጠይቂኝ፣ ልጄ። እነግርሻለሁ፣ ‹ጎበዝ› ትዪና ትዘጊዋለሽ።»

ካሜን በራሱ ስልክ አምቡላንስ ጠርቶ ኔቬና ወረቀት ላይ የጻፈችለትን የአባቷን አድራሻ እየተናገረ ነው። ኔቬና ጃኬቷን አንጠልጥላ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ስልኩን አልዘጋችውም።

«እየመጡልህ ነው፣ እኔም እየመጣሁ ነው። ሌላስ፣ አባዬ? ሌላስ ምን ይሰማሃል?»

«ሌላማ…» አሉ። እስከ ዛሬ ይህን የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ከየት እንደሚጀምሩ ማሰብ ነበረባቸው።