ሁለት ሰው በአንድ ወረፋ

ሮሐና የኋላሸት አሰላ መናኸሪያ አጠገብ በአንድ ቢሮ በሽርክና ይሠሩ ነበር። ገበሬዎች የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ወረፋ በስልክ የሚይዙበት ድረ ገጽ የእነሱ ነው። ገጹን የጻፈችው ሮሐ ናት፤ ገጹ ያለበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የሚይዘው የኋላሸት። አጨዳው በተጀመረበት ሳምንት የኋላሸት ገጹ የቆመበትን ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን የኮድ ስብስብ፣ ሳይነግራት ወደ አዲሱ ቀየረው። በማግስቱ ቁልፉ ሲነካ የቀን መምረጫው መስኮት አልከፈት አለ።

"ኮድሽ ተበላሽቷል" አላት ገና ከበሩ ሳታልፍ።

"ትናንት ይሠራ ነበር። ምን ነካካህ?"

"አፕዴት አደረግኩት። አሮጌው ለሌባ የተመቸ ነው።"

"ሳትነግረኝ?"

"ደግሞ አንቺን ላስፈቅድ?"

ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀመጠች። መስኮቱን "ተከፈት"፣ "ተዘጋ" ብላ የምታዝባቸውን ትእዛዞች የላይብረሪው ሠሪዎች ከአዲሱ ላይ አስቀርተዋቸዋል። ከእንግዲህ ክፍት ይሁን ዝግ የሚይዘው ገጹ ራሱ ነው፤ መስኮቱ ያንን እያየ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ትእዛዞቹ ያሉበትን ቦታ እያሰሰች ትጽፍ ጀመር። የኋላሸት ከጀርባዋ ቆሞ ይተነፍሳል። ከቀትር በፊት መስኮቱ ተከፈተ።

"በቃ፣ ገጹን ለገበሬው ልቀቂው።"

"አልለቅም። መስኮቱ ሲዘጋ የተያዘው ቀን ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ መቆለፉን ገና አላየሁም።"

"ሰው እየደወለ ነው።"

"ይደውል።"

የኋላሸት ወደ ወንበሩ ሄደና ገጹን ከራሱ ኮምፒውተር ለቀቀው።

ከሰዓት በኋላ ከሁሩታ አቶ ከዲሮ መጡ፤ የኮምባይነር ባለቤት ናቸው። ሰላምታም አልሰጡ። "የዛሬን ቀን ለሁለት ገበሬ ሰጥታችሁብኛል። ማሳ ላይ ዱላ ተማዘዋል።"

"ኮዱ የሷ ነው" አለ የኋላሸት።

ሮሐ ወደ እሱ ዞረች። "የለቀቅከው አንተ ነህ።"

"የእናንተን ሙግት ልሰማ አልመጣሁም" አሉ አቶ ከዲሮ።

ሮሐ ቀኑን የሚቆልፈው የኮድ መስመር አሁን የሌለውን የመዝጊያ ትእዛዝ ሲጠብቅ አገኘችው። ቀይራ፣ ደጋግማ ሞክራ ለቀቀችው። ከዚያ "አብሬዎት ልሂድ" አለች።

"ነይ፣ የሠራሽውን እዪ።"

ሁሩታ ሲደርሱ ቀኑ የተሰጣቸው ሁለቱ ገበሬዎች፣ ወይዘሮ ፋናዬና ቱሳ፣ ከነዘመዶቻቸው በቆመው ኮምባይነር ግራና ቀኝ ተፋጠዋል። ጭላሎ ተራራ ላይ የዝናብ ደመና ከብዷል። ሮሐ ጥፋቱ የቢሮው መሆኑን ተናግራ ይቅርታ ጠየቀች።

"ይቅርታሽ ስንዴ አያጭድም" አሏት ወይዘሮ ፋናዬ።

ማን ቀድሞ እንደያዘ በስልኳ አሳየች፤ ወይዘሮ ፋናዬ ነበሩ። ቱሳ ስልኩን ለማየት እንኳ አልተጠጋም። በኦሮምኛ አቶ ከዲሮን ሰድቦ ዘመዶቹን አስከትሎ ሄደ። ኮምባይነሩ ማሳው ውስጥ ገባ፤ ሮሐን ግን ማንም ዞሮ አላያትም።

መንገድ ዳር ቆማ ለየኋላሸት ደወለች። "ከዛሬ ወዲያ ሰርቨሩን አትነካውም።"

"እንግዲያው ሌላ ቢሮ ፈልጊ" አለና ስልኩን ዘጋባት።

ፈለገች። ገጹንም ይዛ ወጣች። ቱሳ ግን በገጹ ዳግመኛ ወረፋ አልያዘም፤ ጎረቤቶቹንም እንዳይዙ ከለከለ።