የቢተው ቤት

ይኸነው የግራ እጁን ጣቶች ጨርሶ የቀኙን ሁለተኛ ጣት ሲያጥፍ ወደ ዳንግላ የሚወስደው ሚኒባስ አዲስ ቅዳም ከተማ ገብቶ ቆመ። ሰባት። ከንፈሩ ገና ይንቀሳቀሳል። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ጸሎት የሚያደርስ መስሏቸው ቅርጫታቸውን ከእግሩ ሥር ሰብሰብ አደረጉለት። ጸሎት አልነበረም። የሚጠራው የአባቶች ስም ነበር፤ ገብረ ማርያም፣ ካሴ፣ ምህረቴ፣ ገበየሁ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ይመለስና ከራሱ ይጀምራል፤ ይኸነው፣ አለሙ፣ ታረቀኝ፣ ቢተው። የመጀመሪያው መስመር የአበረ ነው፤ የልጁ የእንቁ እጮኛ። ሁለተኛው የእንቁ። ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱን ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደወረደባቸው አያውቅም። የትም አይገናኙም። ደረት ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ይገናኛሉ ይላል።

በዘንገና ዙሪያም ሆነ በእንጅባራ ልጅ የሚድር ሰው መጀመሪያ የሚያስጠራው ይኸነውን ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት በሰባት ቤት ውስጥ፣ ማለትም እስከ ሰባተኛው አባት ድረስ፣ ዘመድ አለመሆናቸውን ቆጥሮ «ይሁን» ካላለ ጌሾ አይወቀጥም። ትምህርት ቤት አልገባም። ማንበቡን ራሱ ተማረ፤ ቆጠራውን ደግሞ ከሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጦ እያዳመጠ አጠራቀመው። የልጁንም ባለፈው ሰኔ ራሱ ቆጥሮ ራሱ «ይሁን» አለ። አሁን ሠርጉ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ነገሩ የመጣው በአንድ የጥናት ቅጽ ነው። መስከረም ላይ ከውጭ አገር የመጡ ተመራማሪዎች አንድ ስም የሚጋሩ ወንዶች በእርግጥ ከአንድ አባት ይወርዱ እንደሆነ በዲኤንኤ እናጣራለን ብለው እንጅባራ ሰው ሰበሰቡ። ዳንግላ የሚያስተምረው አበረ አስተርጓሚያቸው ነበር። ተራው የይኸነው ሲሆን «የቤተሰብ ስምዎን?» ብሎ ጠየቀው። ይኸነውም የቤተሰቡን ስም ከሚስቱ ጀምሮ እስከ ታናሽ ልጁ ድረስ አንድ ሳያስቀር ጠራለት።

«በሬዎቹስ ጋሼ?» አለ አበረ ሳቁን እየዋጠ።

በኋላ አስረዳው። እነዚህ ሰዎች አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ የሚያወርሰው የማይለወጥ ስም አላቸው፤ የሚጠይቁት እሱን ነው። ይኸነው አዘነላቸው። በአንድ ስም ሰው እንዴት አባቶቹን ያውቃል? ስምንት አባቶቹን አስጻፈ። የቅጹ ሳጥን ሲሞላ ወረቀቱን አስገልብጦ ቀጠለ። አበረም አማቱ በልጦት እንዳይሄድ የራሱን አባቶች ጻፈና እንደ ይኸነው ጥጥ በተጠቀለለባት እንጨት ጉንጩን ከውስጥ ጠርጎ ሰጠ።

ትናንት ከሰዓት አበረ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ አልሳቀም።

«ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ ምልክት አለ ጋሼ። የእርስዎና የእኔ አንድ ሆኖ ተገኘ።»

«በስንተኛው አባት?»

«እሱን አይቆጥርም። ከአራት እስከ አሥር ባለው ውስጥ ነው የሚለው።»

ይኸነው መልሶ መላልሶ ጠየቀው። አራት ከሆነ ኃጢአት ነው፤ አሥር ከሆነ ምንም አይደለም። አራትንና አሥርን አንድ ላይ የሚጠራ ምን ዓይነት ቆጣሪ ነው? እንቁ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆየችና «አባዬ፣ አንተ የቆጠርኸው ይሁን» አለች። ከሁሉ ይበልጥ የከበደው ይህ ቃሏ ነበር።

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ወገቡን ሊያፍታታ ወረደ። ከመንገዱ ማዶ በተደረደሩት የከሰል ጆንያዎች ጥላ ሥር ከሰል ሻጯ ሰርክአዲስ ተቀምጣለች። አይቷት እንዳላየ ሊመለስ ሲል ቀደመችው።

«ጋሼ ይኸነው፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሊቆጥሩ ነው?»

«የልጄን።»

«እንግዲያማ ተረፈች» አለች ሰርክአዲስ፤ ጥርሷ ከከሰሉ መሀል ብልጭ አለ። «ለእሷማ ስምንተኛ ጣት አያጡላትም።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ፊቱ አልታዘዘለትም። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ለእሷ የቆጠረው ስድስት ነበር። ስድስት ላይ ተገናኙ፣ ሠርጉ ፈረሰ፤ እጮኛዋ በዓመቱ ሌላ አገባ፣ እሷ አላገባችም።

«ያ ስድስተኛው ማን ነበር?» አለች። ቀልዱ ከድምፅዋ ወጥቷል። «ስሙን እንኳ ረስቸዋለሁ።»

ይኸነው አልረሳውም። ስሙ አፉ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ያን ጊዜ እንደ ድንጋይ የጸና ስም ነበር። ሰውየው በእርግጥ የሁለቱም የሥጋ አባት ነበር ወይስ እንዲያው ስም? ሹፌሩ ሲጠራው «ደህና ዋይ» እንኳ ሳይላት ገባ።

ዳንግላ ደርሶ በባጃጅ «ነኢማ ሱቅ» እስከሚባለው ቦታ ሄደ። የዋጋዬ ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው። ዋጋዬ የአበረ አያት የካሴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ከምህረቴ ልጆች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ።

«ለሠርጋችሁ ነው» አሉ ሰፌዱን እያሳዩት። «ምነው ፊትህ ጠቆረ? ሙሽራዋ እምቢ አለች?»

«ወረቀት መጣ እማማ።» ከኪሱ አውጥቶ አበረ እንዳስረዳው አስረዳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት።

«ምራቅ ይናገራል?»

«ይናገራል ይላሉ። እኔና አበረ ከአንድ አባት ነን ይላል። በቆጠራዬ አላገኘሁትም። ምህረቴ የገበየሁ ልጅ ነው፣ አይደለም?»

የዋጋዬ ጣቶች ምስሩ ላይ ቆሙ።

«አባቴን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አዎ እማማ።»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ፣ ራቀ። ሴትዮዋ ምስሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር ፈልገው አገኙና ወረወሯት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የማርያም ሥዕል ዞር አሉ።

«ወረቀቱ ተናገረ ነው ያልኸኝ?»

«ተናግሯል።»

«ስሚ እንግዲህ፣ እኔ አይደለሁም» አሉ ለሥዕሉ። ወደ ይኸነው ሲመለሱ ድምፃቸው ወረደ። «አባቴ የጡት ልጅ ነው። በክፉ ቀን፣ ከብቱ ያለቀ ጊዜ፣ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ብቻውን በእግሩ መጣ። ገበየሁ ልጅ አልነበረውም። አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባው፣ ምህረቴ ብሎ ስም አወጣለት፣ ‹ልጅህ አይደለም ያለ ዘሩ ይጥፋ› ብሎ በቄስ ፊት አስማለ። አባቴም የገበየሁ ልጅ ተብሎ ኖረ፣ ሲሞትም የገበየሁ ልጅ ተብሎ ተፈታ። እግዜር የሚያውቀው በዚያ ስም ነው።»

ይኸነው የሚቀመጥበት ጠፍቶት እንደቆመ ቀረ። በዚህ ከሆነ ሰኔ ላይ የቆጠረው ልክ ነበር። ማር ያጠባ አባት አባት ነው፤ ሕጉም ልማዱም ይህን ይላል። ታዲያ ሥጋውስ? ሥጋው የት ይገባል? ሰባት ቤት አትጋቡ የተባለው ለስሙ ነው ለደሙ?

«ከየት መጣ እማማ?»

«ከዘንገና በኩል። ያንተው አገር ነው። ገበየሁ ‹የማን ልጅ ነህ?› ቢለው ‹የቢተው ቤት› አለ። ይችኑ ነው የሚያውቅ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀው የለም።»

የቢተው ቤት።

ይኸነው የጠፋ ዕቃ አግኝቶ መሸሸግ እንደቸገረው ሰው ሆነ። በአባቶቹ መስመር ቢተው የሚባሉ ሁለት ናቸው። አንዱ የታረቀኝ አባት ነው፤ ከእንቁ አራተኛ። ሌላው ስምንተኛው፣ ዛሬም የመንደሩ ሰው ሁሉ በስሙ የሚጠራው ጥንታዊው ቢተው ነው። ዘንገና ያለ ሕፃን የማን ነህ ሲባል «የቢተው ቤት» ቢል የአባቱን ቤት፣ ያን የሚተኛበትን ጎጆ ማለቱ ይሆናል። መንደሩን በሙሉ፣ ዘሩን ማለቱም ይሆናል። የሩቁ ቢተው ብዙ ልጆች ነበሩት፤ ምህረቴ ከሌሎቹ ከወረደ ስምንት ላይ ነው የሚገናኙት፣ ነፃ ናቸው። የቅርቡ ቢተው ልጅ ከሆነ ግን የታረቀኝ ወንድም ነው። አራት። ሰርክአዲስን በስድስት ያስቀራት ሰው ልጁን በአራት ሊድር ነው።

አንድ የራበው ልጅ፣ የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት፣ ቤት ሲል የትኛውን ቤት ነው ያለው?

«ሌላ ምንም አላለም?»

«ምን ይበል? ያለቅስ ነበር።» ዋጋዬ ሰፌዱን አንስተው አንገዋለሉት። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ቆጣሪ አይደለህ? ቁጠረው።»

ይኸነው ግራ እጁን ዘረጋ። በምድር ላይ ከእሱ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም፤ ዋጋዬም ሁለት ቢተው መኖሩን አያውቁም። ወረቀቱም አራትና አሥርን ሁለቱንም ብሎ ዝም ብሏል። በልቡ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ቁጠረው» አለ። አውራ ጣቱን አጠፈ፣ አንድ፣ ራሱ። አለሙ። ታረቀኝ። ቢተው ላይ ሲደርስ አራተኛውን ጣት በሌላው እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ አጠፈው።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጠራ። ቀኝ እጁን ሰዶ አወጣው፤ ግራው እንደታጠፈ ነው።

«አባዬ» አለች እንቁ። ከኋላዋ ሙቀጫ ይሰማል፤ ሴቶች ይሳሳቃሉ። ትንፋሿን ሰብስባ ጠየቀችው።

«የት ደረስህ?»

ይኸነው እጁን አየ። አራቱ ጣቶች መዳፉ ውስጥ ገብተዋል። ትንሿ ጣቱ ብቻዋን ቆማለች።