ያልተቆጠረ እጅ

ጸሐይ ሽብሩ የክልሉ ምክር ቤት አባል ከሆነች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ "ተቃውሞ" ሲባል እጇን አውጥታ አታውቅም። ለነገሩ ማንም አውጥቶ አያውቅም። አፈ ጉባኤው "ድጋፍ?" ሲሉ አዳራሹ እንደ እንሰት ማሳ በእጅ ይሞላል። "ተቃውሞ?" ይላሉ፤ ቀና ብለው ሳያዩ "የለም" ብለው ራሳቸው ይመልሳሉ። "ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።" ከዚያ ጭብጨባ ነው፤ ከዚያ ምሳ።

ከመመረጧ በፊት ከወናጎ በላይ ባለው ቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። የእትዬ አሰፋች ልጅ ሰላማዊት ምጥ የያዛት ቀን ከቃሬዛው ጎን እየሮጠች ወደ ወናጎ አብራ ወርዳለች። ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ያንሸራትት ነበር። ሕፃኑ መንገድ ላይ ተወለደ፤ መንገድ ላይም ቀረ። ጸሐይ ስትመረጥ እትዬ አሰፋች የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ያቺን ቀን ንገሪያቸው። ጤና ኬላችን ማዋለጃ ይኑረው።"

"እነግራቸዋለሁ" አለች ጸሐይ።

አልነገረቻቸውም። የአካባቢዋን ተመራጮች የሚያስተባብረው አቶ ደመላሽ ከየጉባኤው በፊት ጠጋ ይላታል። "ጸሐይዬ፣ በአደባባይ አታሳጪን። ማዋለጃሽ ለሚቀጥለው ዓመት ተይዛለች። እኔ አለሁልሽ።" እሷም ዝም ትላለች። አንድ ጊዜ በአደባባይ የተናገረ ሰው በሚቀጥለው ምርጫ ስሙ እንዳልተነሣ አይታለች። ከወንበሩ ከወረድኩ ማን ይጠይቅልናል ትላለች፤ ወንበሩ ላይ ሆና ግን አትጠይቅም።

ዘንድሮ ማዋለጃው እውነትም እቅዱ ውስጥ ገባ። ደስታዋን መያዝ አቅቷት ለእትዬ አሰፋች ደወለች። ሰላማዊት እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረችና ወሬው በአንድ ቀን ቀበሌውን አዳረሰ።

በጀቱ በሚጸድቅበት ዕለት ጠዋት፣ ደመላሽ ቁርስ ላይ ሻዩን እያማሰለ፣ "ያቺ ነገር ተሸጋግራለች" አላት።

"ወዴት?"

"ገንዘቧ ወደ አዲሱ አዳራሽ ግንባታ ዞሯል። እንግዳ የምንቀበልበት የለንም እኮ።"

"እና ሰላማዊት አዳራሹ ውስጥ ትውለድ?"

ሳቀ። "ይሄ ቀልድሽ ነው የሚገድለኝ። ምርጫ እየደረሰ ነው ጸሐይዬ። ስምሽ እኔ ጋ ነው።"

ከሰዓታት በኋላ አፈ ጉባኤው "ድጋፍ?" አሉ። ጸሐይ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጨብጣ ተቀመጠች። "ተቃውሞ?" ሲሉ ቀኝ እጇን አነሣች። እጇ የራሷ አልመስል አላት።

አፈ ጉባኤው "የለም" ሊሉ ከንፈራቸው ከተከፈተ በኋላ አዩዋት። ከዚያ ፊታቸው በፈገግታ ፈታ አለ።

"የተከበሩ ወይዘሮ ጸሐይ፣ ድጋፉ አልፏል እኮ። ዘገዩብን።"

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላዋ ደመላሽ፣ "መንገድ አድክሟት ነው ክቡር አፈ ጉባኤ" አለ፤ የባሰ ተሳቀ።

ድምፅ ማጉያው ፊቷ ነበር። ቁልፉን ተጭና "አልዘገየሁም" ማለት ብቻ ነው። ቢቆጧት ኖሮ ትጫነው ነበር። ሁሉም ግን እንደ እህት ነበር የሚያዩዋት፤ ፍቅር በተሞላ ዓይን። እጇን አወረደች። ሲስቁም አብራቸው ሳቀች።

"በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" አሉ አፈ ጉባኤው።

ቅዳሜ ከዲላ በሚኒባስ ወናጎ፣ ከወናጎ በሞተር ወደ ቀበሌዋ ወጣች። እትዬ አሰፋች የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ የተበላሸውን ፍሬ ትለቅማለች። ሰላማዊት ሆዷ ገፍቶ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ አላናገረቻትም።

"ነስሩ ሱቅ በቴሌቪዥን አየንሽ" አለች እትዬ አሰፋች ቀና ሳትል። "እጅሽን አውጥተሽ።"

"እትዬ፣ ያ እጅ ለተቃውሞ ነበር።"

"በሙሉ ድምፅ አሉ እኮ ሰውየው።"

"ተሳስታ ነው ብለው ነው። ብቻዬን ነው የተቃወምኩት፤ እግዚአብሔር ያውቃል።"

እትዬ አሰፋች ይህን ጊዜ ቀና አለች። ቁጣ ፊቷ ላይ የለም፤ ነገሩ በእውነት አልገባት ብሎ ነው።

"ታዲያ ምን ያስቅሽ ነበር?"

ጸሐይ አልጋው አጠገብ ቆመችና እሷም ፍሬ መልቀም ጀመረች። እትዬ አሰፋች እጇን በቀስታ ያዘችና ከቡናው ላይ አነሣችላት።

"ተይው ልጄ፣ እጅሽ ይቆሽሻል።"

ስልኳ ጮኸ። ደመላሽ ነበር። እንዲጮህ ተወችው፤ ቆሞ እንደገና ጮኸ። ሰላማዊት ከበረንዳው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "አንሺው እንጂ፣ ስለ ምርጫው ይሆናል" አለቻት።

ጸሐይ ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ እንሰቱ ጥግ ሄደች።

"አቤት፣ አቶ ደመላሽ" አለች።