መሪጌታ ይሄነው የቆጠሯት ጨረቃ

ሰኞ፣ መስከረም አምስት ቀን፣ እናቴ የሆስፒታሉን ካርድ ሁለት ጊዜ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችና መሪጌታን ሳትጠይቅ እንደማትሄድ ነገረችኝ። ካርዱ ላይ ስሟ፣ እታለማሁ፣ ከሥሩም "ረቡዕ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት" ተብሎ ተጽፏል። ቀኝ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በግራው ሰው ሲመጣ ታያለች፤ ማን እንደሆነ የምታውቀው ግን ድምፁን ስትሰማ ነው። የዓይን ሐኪሞቹ ወደ ዳንግላ የሚመጡት በዘመቻ ነው። ባለፈው የመጡት የዛሬ ሁለት ዓመት ሲሆን ያኔ እኔ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩና የሚያስመዘግባት ሰው አልነበረም። አሁን የሚቆዩት እስከ ዓርብ ብቻ ነው። የግራው ዓይኗ ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት እንደማይጠብቅ ሐኪሙ በግልጽ ነግሮኛል።

መሪጌታ ይሄነው የሰፈራችን ደብር መሪጌታ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ስለሆኑ እስካሁን የኔታ እላቸዋለሁ። የሰፈራችን ሰው ጨረቃ ስንት እንደሆነች እሳቸውን ሳይጠይቅ ትልቅ ነገር አይጀምርም። ስትሞላ የሚተከለው ይተከላል፣ ሙሽራ ይገባል፣ የቤት መሠረት ይጣላል። ስትጎድል ደግሞ እንጨት ይቆረጣል፣ ወይፈን ይኮላሻል፣ ጥርስ ይነቀላል። ሙሉ በሆነችባቸው ቀናት ደም ወደ ላይ ስለሚወጣ ብረት ገላ አይነካም።

እናቴ ይህን የምታምነው እንደ ማንም ሰው አይደለም። ታላቅ እህቷ ውቢት እንቅርቷን ልትቀደድ ባሕር ዳር ሄዳ ሬሳዋ ነው የተመለሰው። መሪጌታ ቆጥረው ጨረቃ አሥራ አምስት እንደነበረች ተናገሩ። ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤት ለመሄድም ቢሆን ቀን ታስመርጣለች።

የኔታ በዚያው ሰኞ ከሰዓት መጥተው ደጃፋችን ላይ ተቀመጡ። የጣቶቻቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱና ረቡዕ ጨረቃ አሥራ አራት እንደምትሆን ተናገሩ። እስከ ቅዳሜ ድረስ በምንም ዓይነት አይሆንም። የሚቀጥለው ማክሰኞ ግን መልካም ነው። ሐኪሞቹ ዓርብ እንደሚሄዱ ላስረዳቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ በዓይኗ ባይሆንም በፊቷ ስለገሠጸችኝ ዘጋሁት።

ሰው ፊት መናገር አልችልም። ከአራት ዓመት የፊዚክስ ትምህርት በኋላ የማስተማር ሥራ ለመወዳደር ቃለ መጠይቅ ገብቼ ስሜን ብቻ ተናግሬ ወጥቻለሁ። አሁን የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ እዚያ ሰው የሚፈልገው የገጹን ብዛት ብቻ ስለሆነ ይስማማኛል። ማክሰኞ ጠዋት ግን አለቃዬን አስፈቅጄ ሆስፒታል ሄድኩ። ተራ የምትይዘውን ነርስ፣ ሲስተር ምህረትን፣ እናቴን ወደ ሌላ ሳምንት ማሸጋገር ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋት። በትህትና መለሰችልኝ፤ ከዓርብ በኋላ የሚቀድ ሰው አይኖርም፣ ረቡዕ ያልመጣ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እንግዲህ ጨረቃዋም አልተሸጋገረች፣ ዘመቻውም አልተሸጋገረ።

በዚያ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ከሁለት ሳምንት ዝናብ በኋላ ሰማዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገለጠ። የተሰጣ ልብስ ላስገባ ወጥቼ ፀሐይ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ስትወርድ አየሁ። ከዚያም በንዴት ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። የምጣላት ጨረቃ ምን እንደምትመስል ላያት ፈለግሁ።

አልነበረችም።

ነገ አሥራ አራት የምትሆን ጨረቃ ፀሐይ ሳትጠልቅ በምሥራቅ መታየት አለባት። ይህን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል። ልብሱን ትከሻዬ ላይ እንደያዝኩ ኮከብ በኮከብ ላይ እስኪወጣ ቆምኩ። ከመንደሩ ሰው ያላየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ሁላችንም የኔታ ይቆጥሩልናል ብለን ሰማዩን ትተነው ነበር። ልብሱን አስገብቼ ነጠላዬን ለበስኩና ወደ የኔታ ቤት ወረድኩ።

አምፖላቸውን አብርተው ብቻቸውን እራት እየበሉ ነበር። ብዪ አሉኝ፤ በልቻለሁ ብዬ ዋሸሁ። አበቅቴው ዘንድሮ ስንት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አበቅቴ የጨረቃ ቆጠራ ሁሉ የሚነሣበት ቁጥር ነው። ዘመን በተለወጠ ቁጥር አሥራ አንድ ይጨመርበታል፣ ሠላሳ ካለፈ ሠላሳው ይጣላል። የኔታ ሳያመነቱ ነገሩኝ። የነገሩኝ ቁጥር ፎቶ ኮፒ ቤታችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ከዘመን መለወጫ ወዲህ ሳየው የሰነበትኩት አይደለም። የአምናው ነው። ቀና ስል ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያም የአምናው ነበር፤ አዲሱ እንደተጠቀለለ መደቡ ላይ ተጋድሟል።

መምህርን ተሳስተዋል ማለት እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ።

"የኔታ፣ ጨረቃ የለችም።"

"ደመና ነው ልጄ። መስከረም እኮ ነው።"

"ደመና የለም። ኮከቡ ሁሉ ወጥቷል።"

እጃቸው ትሪው ላይ ቆመ። ፊታቸውን ወደ ክፍቱ በር አዞሩና ረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ተመለከቱ። የአምፖሉ ብርሃን በጎን አረፈባቸው። ያኔ ነው በሁለቱም ዓይኖቻቸው ውስጥ ያን የማውቀውን ነጭ ነገር ያየሁት። እናቴ ዓይን ላይ ሦስት ዓመት ሲያድግ አይቼዋለሁ።

"ስንት ሆናለች?" አሉኝ በኋላ።

"ዛሬ ሃያ አራት። ነገ ሃያ አምስት።"

"አሥራ አንድ ጎደለኝ በይኛ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ድሮ ዘመን ሲለወጥ አዲሱን አበቅቴ በር መቃኑ ላይ በከሰል ይጽፉት ነበር። ዘንድሮ መጻፉም ማንበቡም ስላስቸገራቸው፣ ታምሜያለሁ ብለው አበቅቴው የሚነገርበትን የዘመን መለወጫውን ንባብ ለወጣቱ ለመሪጌታ ካሳው ተዉለት፤ ጣታቸው ግን በለመደው በአምናው ቀጠለ። እንዲህ ያለ ስሕተት ድሮም ያጋጥማቸው ነበር። ያኔ ግን ቀና ብለው አይተው ያርሙት ነበር። ሰማይ ካዩ ሁለት ክረምት አልፏቸዋል፤ ለማንም አልተናገሩም። ማየት የተሳነውን ጨረቃ ቆጣሪ ማን ይጠይቀዋል?

ከዚያ እንድሄድና ለእናቴ ጨረቃዋ ጎድላለች ብዬ እንድነግራት አዘዙኝ። አልተነሣሁም።

"ከእኔ አትሰማም" አልኳቸው። "ከእርስዎ አፍ ካልሆነ ጋሪ ላይ አትወጣም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንጠብቅዎታለን። ካልመጡ ተመልሼ እመጣለሁ።"

"ፊደል ሳስቆጥርሽ ድምፅሽ አይሰማም ነበር። ልጆቹ ምን ነበር የሚሉሽ? ትንኟ?"

"ትንኟ።"

"እውነትም ትንኝ ነሽ። እሺ፣ ሂጂ።"

ጠዋት ባለጋሪው ደሴ ደጃችን ደረሰ፤ እናቴ ግን መቀነቷንም አልታጠቀችም። መደብ ላይ ተቀምጣ፣ እኔንም እንደ ውቢት ልትልኪኝ ነው ወይ አለችኝ። ካፊያ ይጥላል። የኔታ በትራቸውን እየደገፉ ሲደርሱ ደሴ ከጋሪው ላይ ሆኖ፣ ለፈረሴም ኮከብ ይቁጠሩላት፣ ከሰሞኑ ጭቃ ስታይ መቆም ጀምራለች ብሎ ቀለደባቸው። አልሳቁም። ገብተው ሳይቀመጡ ለእናቴ መሳሳታቸውን፣ በአምናው አበቅቴ መቁጠራቸውን፣ ጨረቃ ዛሬ ሃያ አምስት መሆኗንና ለመቀደድ ከዚህ የተሻለ ቀን እንደማይገኝ ነገሯት።

እናቴ ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ ድምፃቸው አቀናች።

"የውቢትንስ?" አለች። "የውቢትንም በአምናው ቆጥረውት ቢሆንስ?"

የኔታ በትሩን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ተሳስቼ አላውቅም ማለት ይችሉ ነበር፤ ያኔ ዓይናቸው ጤነኛ ነበር፤ እናቴም ታምናቸዋለች። የሚመልሱት መልስ እናቴን ጋሪው ላይ ሊያወጣትም ሊያስቀራትም ይችላል።

"የእሷን የቆጠርኩት ከሞተች በኋላ ነው" አሉ። "ለቅሶው ላይ ለምን ሞተች ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ቆጠርኩ፤ አሥራ አምስት ወጣ። አምስትም ቢወጣ፣ ሃያም ቢወጣ፣ የምለው አላጣም ነበር እታለማሁ።"

እናቴ ጉልበቷን በእጇ ያዘች። የተናገረችው ለእሳቸውም ለእኔም አልነበረም።

"ሂጂ ያልኳት እኔ ነበርኩ። በዚያ ቀን ሂጂ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ።"

ይህን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ቀን ስታስመርጥ የኖረችው ጨረቃን ፈርታ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። የኔታ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገቧ ተቀመጡ። ደሴ ከውጭ ሰዓቱ እየሄደ ነው ብሎ ተጣራ። እናቴ ተነሣች፣ መቀነቷን ታጠቀች፣ ካርዱን አውጥታ ሰጠችኝ። እጇን ይዤ ጋሪው ላይ አወጣኋት። የኔታም ሳይጠየቁ ወጡ፤ ደሴ ትርፍ ጭነት ነው ብሎ አጉረመረመ፣ ሂሳቡን ግን አልጨመረም።

ፈረሷ እንደተባለው ጭቃ ላይ ቆመች። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር። ሲስተር ምህረት ስም ጠርታ ጨርሳ፣ የእናቴን ቦታ አጠገቧ ቆመው ለሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ሰጥታለች። መተላለፊያው በሰው ሞልቷል፤ ዓይናቸው የሚያይም የማያይም ሁሉ ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ። እንደ ልማዴ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ የእናቴ ትከሻ ጀርባዬን ነካኝ።

"ሲስተር፣ ሽማግሌውን አታስነሺ" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። "እናቴ የዘገየችው በእኛ ጥፋት ነው። ግን ዛሬ ሳትገባ ከዚህ አንሄድም። ከሁሉም ሰው በኋላ ይሁን። እስኪመሽም ይሁን።"

አንዲት ሴት ከወንበሩ ጥግ፣ ይቺ ልጅ ካልገባን እዚሁ እናድራለን እያለች ነው ብላ ሳቀች። ሲስተር ምህረት ካርዱን ተቀበለችኝ፣ ዝርዝሩን እስከ ታች አየች፣ ከመጨረሻው መሥመር በታች በእስክሪብቶ የእናቴን ስም ጻፈች። እስከ አሥር ሰዓት ልትቆዩ ትችላላችሁ አለች። እንቆያለን አልኳት።

ቆየን። ሰው እየተጠራ ገባ፣ ዓይኑ ታሽጎ ወጣ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል "እታለማሁ" ተባለ። እናቴ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በሌላው የነርሷን ክንድ ይዛ ገባች። ቀኑን ሙሉ ስለ ጨረቃ አንድም ቃል አልጠየቀችም።

እኔና የኔታ ወንበሩ ላይ ብቻችንን ቀረን። ፊታቸውን እናቴ ወደገባችበት በር እንዳዞሩ ቆዩ።

"ያማል ይሆን?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ሲስተርን ልጠይቅልዎ?"

ተነሥቼ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ዞር አልኩ። ማታ ለማንም እንዳልተናገሩ ነግረውኝ ስለነበር፣ ያለፈቃዳቸው ማድረግ አልፈለግሁም።

"ለማን ነው ካለችኝ ምን ልበላት?"

የኔታ ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው አስተካከሉ።

"ለመሪጌታ ይሄነው በያት" አሉ። "ቀን ካላቸው፣ አስመዝግቢኝ።"