ቀይዋ መብራት

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባላል። ተረቱን ያወጡት ሰዎች የወንድሜን ሳጥን ስላላዩ ነው በወረቀት የፈረዱት።

ሳጥኗ ከሳሙና ማስቀመጫ ብዙም አትበልጥም። ፊቷ ላይ ትልልቅ አዝራሮች፣ ከበላያቸው ትንሽ ስክሪን፣ ጥጓ ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለች። የሠራት ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ለአባታችን። አባቴ ግንበኛ ነበር። ፎቅ ላይ ቆሞ ታች ሲሚንቶ የሚያቦኩትን ሲሳደብ፣ በማያውቁት ነገር የሚደነግጡት መንገደኞች ነበሩ። ያንን ጉሮሮ ነው ነቀርሳ የያዘው። ሐኪሞቹ ማንቁርቱ ካልወጣ ይሞታል፣ ከወጣ ደግሞ ድምፅ የሚባል ነገር አይኖረውም አሉን። ፊደል አልቆጠረምና ጽፎም አይግባባም።

"አባባ፣ ድምፅህ ሳይሄድ ቃላት እንቅዳ" አለው ወንድሜ። "አዝራሩን ስትጫን በራስህ ድምፅ ትናገርልሃለች።"

ወንድሜ ፕሮግራመር ነው። ሰው የሚያየውን ስክሪን አይደለም የሚሠራው፤ ከሥር ሆኖ ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግረውን ነው የሚጽፈው። ድራይቨር ይሉታል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ያው ሁለታችንም የማይታየውን ውስጥ ውስጡን ነው የምንሠራው። ልዩነታችን፣ የኔ ስፌት ከተበላሸ ደንበኛዬ ፊት ለፊቴ ይቀደድበታል።

የተቀዳው ሳሎን ውስጥ ነው። እነሱ ሶፋው ላይ፣ እኔ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ። "ውሃ።" "እሺ።" "እምቢ።" "ያመኛል።" "መብራቱን አጥፉ።" አባቴ እያንዳንዱን ቃል ጡብ እንደሚደረድር ሰው ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

"አሁን ለእኔ" አለው ወንድሜ። "እኔን ስትፈልግ ምን ትላለህ?"

"ልጄ" አለ አባቴ። እንዲያ ያለ ለስላሳ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ወንድሜ ደስ ብሎት ሳቅ አለ፤ ሳቁም አብሮ ተቀዳ። ሳቁን ለማስወጣት ደግሞ ሊቀዳ ሲል አባቴ "ይሁን፣ ይበቃል" አለ።

"ለእትዬስ?" አለው በአገጩ እኔን እያሳየ።

አባቴ እኔን "ልጄ" ማለት ያቆመው፣ እሱ የመረጠልኝን ባል ትቼ የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ የተመለስኩ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ "አንቺ" ነኝ፤ ሲከፋው ደግሞ "ያቺ"። ምግቡን የማበስለው፣ ሐኪም ቤት የማመላልሰው፣ ልብሱን የማጥበው ግን ያቺ ናት። ወደኔ ዞሮ አየኝ።

"ውጪልኝ!" አለ።

እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። ወንድሜ "ቀልዱን ነው፣ እትዬ" አለና አዝራሩን ለቀቀው። ስክሪኑ ላይ "ተመዝግቧል" የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ነካካ፣ ቀይዋ መብራት በራች።

"እሷ ምንድን ናት?" አልኩት።

"ኃይል አላት ማለት ነው። እሷ እስከበራች ድረስ ሰላም ነው።"

የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት አባቴ ሐኪም ቤት፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ መሬት አንጠልጥሎ ነበር። ፈርቷል። አባቴ ሲፈራ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ የበረደው መስሎኝ ብርድ ልብስ ደረብኩለት።

"ያቺን ሳጥን አምጪ" አለኝ። ድምፁ ሻክሮ ሊበጠስ ደርሷል። ሊቀዳ የኔን አዝራር ጫን ብሎ ያዘና ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጄ፣ ነይ ግቢ" አለ።

ስክሪኑ "ተመዝግቧል" አለ።

"እስቲ አሰሚኝ።"

ተጫንኩት። "ልጄ፣ ነይ ግቢ" አለች ሳጥኗ። አጠገቡ የተኛው ጡረተኛ መምህር "እሰይ!" ብሎ አጨበጨበ። እኔ ደግሞ፣ መርፌ ጥፍሬ ሥር ገብቶ የማላለቅሰው ሴትዮ፣ በሰው ፊት ተንሰቀሰቅኩ። አባቴ አላቀፈኝም። አዝራሩን ግን አንዴ ደግሞ ተጫነልኝ።

ወንድሜ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ሳጥኗ ላይ ነበር። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

"ጥሩ ነው" አለ። "ተመዝግቧል።" ሻዩን ሰጠኝ።

ሳጥኗን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። አባቴን ወሰዱት።

ሲነቃ አንገቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው፣ ትንፋሹ በዚያ ይወጣል ይገባል። ደህና ቀና ማለት ሲችል እጁን ዘረጋና ሳጥኗን ጠየቀ። አበራኋት። እኔን እያየ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ይዞ፣ የኔን አዝራር ተጫነ።

"ውጪልኝ!"

ክፍሉ ሁሉ ሰማ። መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። አባቴ ደግሞ ተጫነው። "ውጪልኝ!" አለች፣ ከኋላዋ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ቀጥ ሲል እየተሰማ። ሦስተኛ ሊጫን ሲል እጁን ያዝኩት።

"እትዬ" አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ፣ "ነካክተሻት ነበር እንዴ?"

"እኔ? አጥፍቼ ቦርሳ ውስጥ ነው የከተትኳት!"

"አይ፣ ስታጠፊያት የሆነ ነገር ተጭነሽ ይሆናል ብዬ ነው። ጠንካራ ዕቃ እኮ አይደለችም፣ ታውቂያለሽ፣ ጥንቃቄ ትፈልጋለች።"

አባቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። ለማን እንደሚፈርድ ጥርጥር አልነበረውም። በሕይወቱ ያወጣት የመጨረሻዋ ደግ ቃል በኔ እጅ እንደ ጠፋች አመነና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አመንኩ። አጥፍቻለሁ ብዬ አለቀስኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የኔ የጣት ወለምታ ደግሞ በምን ይታሻል?

ቤት ገባን። የአንገቱን ቱቦ የማጥበው እኔ ነኝ፣ አክታውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ጠርጌ ስጨርስ አዝራሩን ይጫናል፦ "ውጪልኝ!" እወጣለሁ። ሲጠማውም ያንኑ ይጫናል፣ የኔ አዝራር እሱ ነዋ፤ "ውጪልኝ!" ሲል እገባለሁ። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞቼ ደንግጠው ቦርሳቸውን ሲያነሱ፣ "ተቀመጡ፣ ውሃ ፈልጎ ነው" እላቸዋለሁ። እሑድ እሑድ ወንድሜ ሙዝ ይዞ ይመጣል። "ልጄ" ይለዋል አባቴ። ወንድሜ ሳጥኗ ውስጥም ከሳጥኗ ውጭም ይስቃል።

አንድ ሰሞን የሳጥኗ ድምፅ እያነሰ መጣ። ወንድሜ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ አብራው የምትሠራ ልጅ ላከልኝ። ትልቅ መነጽር ስለምታደርግ እሱ ሁልጊዜ "መነጽሯ" እያለ ነው የሚጠራት። አባቴ አልጋ አጠገብ ቁጭ አለችና የድምፅ ማውጫውን ወንፊት ከፍታ የተጋገረውን ቆሻሻ ጠረገችው።

"ሌላ ችግር አላት?" አለችኝ።

"ችግሩ የኔ ነው። የተቀዳ ነገር አጠፋሁባቸው።" ነገርኳት።

ስጨርስ ሳጥኗን አገላበጠቻት። "ስትቀዱ ቀይዋ በርታ ነበር?"

"አዎ። ሁልጊዜ እንደበራች ናት። ኃይል አላት ማለት አይደል?"

"ማን ነው ያለሽ?"

"የሠራት ነዋ።"

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች። "ቀይዋ ተቆልፏል ማለት ናት፣ እህቴ። ውስጥ ያለችው ሚሞሪ ኃይል ቢቋረጥም የያዘችውን አትረሳም። ሰው በስህተት እንዳይደመስስባት ደግሞ ትቆለፋለች። መቆለፉ ደግ ነው። ድራይቨሩን በሯ ላይ የቆመ ዘበኛ ነው በይው። ደንበኛ ዘበኛ 'ዝግ ነው፣ ተመለሱ' ይላል። ይሄኛው ግን ዕቃሽን ተቀብሎ 'አስገብቻለሁ' ይልሽና ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ሳጥኗ እስክትጠፋ ድረስ ከኪሱ እያወጣ ያሳይሻል። ስትጠፋ ኪሱ ይራገፋል። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ከመጀመሪያውም አልገባም።"

"ታዲያ 'ተመዝግቧል' ያለውስ?"

"ወንድምሽ ቢሮም እንዲሁ ነው የሚጽፈው። ፕሮግራሙን የሚፈትሹት 'ስህተት' የሚል መልስ ባዩ ቁጥር ሥራውን ስለሚመልሱበት፣ ሁሉንም 'ተሳክቷል' ያሰኘዋል። እውነቱን በመብራት ለራሱ ብቻ ያስቀምጣል።"

ከኋላችን ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቴ በመዳፉ የአልጋውን ጠርዝ መትቶ ነው። ጉሮሮው እንጂ ጆሮው ደህና ነበር፤ እዚያው እንዳለ ሁለታችንም ረስተነው ነበር።

ስልኬን አውጥቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረግኩት።

"ቀይዋ መብራት ምንድን ናት?" አልኩት።

"ኃይል ናት አላልኩሽም?"

"መነጽሯ እዚህ ናት።"

ከጀርባው የቢሮው ሰው ሲያወራ ይሰማል። በር ዘጋ፣ ወሬው ጠፋ።

"ያን ለት በሩ ላይ ቆመህ ቀይዋ በርታ አይተሃታል?"

"አይቻታለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ቁልፉን ብትከፍትና አንዴ ቢደግመው ምን ነበረበት? ድምፁ ገና ነበረ እኮ!"

"ልናገር ነበር፣ እትዬ። አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ 'ልጄ' ሲልሽ ሰማሁት። አንቺ ቤቱ አለሽ። እሱ አለሽ፣ ጠዋት ማታ። እኔ ያለችኝ ያቺ አንዲት ቃል ናት። እሷንም ልትካፈዪኝ ነው?"

ስድብ አልጠፋኝም፣ የግንበኛ ልጅ ነኝ። ግን የአባቴን ፊት እያየሁ ነበር። ስልኩን ዘጋሁት።

መነጽሯ አፍራ አንገቷን ደፋች፤ እሷ ምን አደረገች? ከመሄዷ በፊት ግን ሁለቱን የዳር አዝራሮች አንድ ላይ ይዤ ቁልፉን እንዴት እንደምከፍት፣ አንዱን ቃል ከአንዱ አዝራር ወደሌላው እንዴት እንደማዛውር አሳየችኝ። "ይህቺን 'ዘላቂ' የምትለዋን እንዳትነኪ" አለችኝ። "እሷ ከተቆለፈች እሱም እኔም ፋብሪካውም አንከፍታትም።"

ስትወጣ አባቴ ጣቱን አነሳ። ያ ወፍራም፣ ሲሚንቶ የበላው ጣት የወንድሜን አዝራር ነካ፣ ወደኔ ሄደ። የኔን ነካ፣ ወደ ወንድሜ ሄደ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የዚህን እጅጌ እዚያ፣ የዚያን እዚህ ስባል ሁለቴ አይነገረኝም።

"አባባ፣ እርግጠኛ ነህ?"

"እሺ" የምትለዋን ተጫነ። "እሺ" አለች ሳጥኗ፣ በዚያ ጡብ በሚደረድር ድምፁ።

ይቅር በለው፣ ልጅህ ነው ማለት ነበረብኝ። ጎረቤት ቢሆን እል ነበር። ቁልፉን ከፈትኩ፣ ቀይዋ ጠፋች፣ አዛወርኳቸው።

"በዘላቂው ልቆልፈው?"

"እሺ።"

ቆለፍኩት። ቀይዋ በራች። ደስ አለኝ። ደስታ እንዲህ ሲመር ያኔ ነው ያወቅኩት።

እሑድ ወንድሜ ሙዙን ይዞ መጣ። ይቅርታ ሊል ተዘጋጅቶ እንደመጣ ያስታውቅ ነበር፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ የሰፋሁለት እኔው ነኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና "አባባ" አለ።

አባቴ የወንድሜን አዝራር ተጫነ።

"ውጪልኝ!"

"ተሳስተህ ነው፣ የሷ ነው" አለ ወንድሜ፣ ፈገግ ብሎም ጣቱን ወደራሱ አዝራር መራለት። አባቴ እጁን አስለቅቆ ያንኑ፣ የወንድሜን፣ ጠበቅ አድርጎ ተጫነው።

"ውጪልኝ!"

ወንድሜ ሳጥኗን ነጠቀው። ሁለቱን የዳር አዝራሮች ያዘ፣ ነካካ፣ "አጥፋ" የሚለውን መረጠ። ስክሪኑ "ተሳክቷል" አለው። ቀይዋን አያት፣ እንደበራች ናት። አጥፍቶ አበራትና ተጫነ። "ውጪልኝ!" እንደገና ደመሰሰው። "ተሳክቷል።" አጥፍቶ አበራት። "ውጪልኝ!" በራሱ እጅ የጻፈው ዘበኛ እየሳቀ ሸኘው። 'ተሳክቷል' የሚለውን ስክሪኑ ላይ እያነበብኩ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሙዝ ላጥኩ።

"ዘላቂውን ነክታችሁታል?" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አባባ ነው 'እሺ' ያለው።"

"እኔ 'ልጄ' የምትለዋ ቅጂ ቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ አለችኝ!" አለ ለአባቴ፣ እንደ ሕፃን እየጮኸ። "ልታጠፋት አትችልም!"

አባቴ እጁን ዘርግቶ ሳጥኗን ተቀበለውና አንዴ ብቻ ተጫነ። ወንድሜ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደጃፋችንን አልረገጠም። ቅጂዋን ይሰማት ይሆናል፤ የማይጠራውን ሰው ድምፅ።

እኔስ? እኔ የፈለግኩትን አገኘሁ። አባቴ ሲጠማው አዝራሬን ይጫናል። በሌላ ሰው ልክ የተቆረጠ ልብስ ቢያጠቡት፣ ቢተኩሱት፣ ስፌቱን ቢያጠብቡት ገላ ያውቀዋል፤ ያ ለስላሳ ድምፅ ሶፋው ላይ ወንድሜን እያየ የወጣ ነው፣ የዛሬ አይደለም፣ የኔም አይደለም። በቀን ስንቴ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። "ልጄ" ይላል አባቴ። ከኋላው ወንድሜ ደስ ብሎት ይስቃል። እኔ "አቤት" እላለሁ።