የብርነሽ ፍትሐት

መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ሴት ልጃቸውን ፊደል ያስቆጠሯት ወደው አልነበረም። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ዳዊት የሚያነብላቸው ሰው ቢፈልጉ ቀን ከቤት የምትገኘው ሮማነወርቅ ብቻ ሆነች። ፊደል ደግሞ ይህን አንብብ፣ ያንን ተው አይልም። ልጅቱ ዳዊቱን ጨረሰች፣ ገድሉን ጨረሰች፣ ቀጥላም ፈረስ መጋላ ገበያ ካለ ነጋዴ አንድ የታተመ ልብ ወለድ ተውሳ አነበበች። ከዚያ ወዲህ ወጥ ያርርባት ጀመር። ምድጃው ዳር ተቀምጣ ሐሳቧ ሌላ ሀገር ነው።

ወዲያው ራሷም መጻፍ ጀመረች። ወንድሟ ለገሠ ከሚሠራበት ከጉምሩክ በሚያመጣላት አሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ብርነሽ፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ሐና የምትባል የወታደር ሚስት ታሪክ ጻፈች። የብርነሽ ባል ወደ ኦጋዴን ዘምቶ ይቀራል። እሷም እሑድ እሑድ ከከተማው በላይ ካለው ሐኪም ጋራ ላይ ወጥታ መንገዱን ስታይ ኖራ፣ በመጨረሻ እዚያው ጋራ ላይ፣ ባል ሳይመለስላት፣ ቄስም ሳታገኝ ትሞታለች። ሮማነወርቅ የመጨረሻዋን ቃል ጽፋ ስታበቃ የራሷን እናት የቀበረች ያህል አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ግን ደስ አላት፤ ነገሩ ጥሩ እንደሆነ ገብቷታል።

ከከተማው ግንብ ከጀጎል ውጭ ማተሚያ የተከለ አንድ አርመን ነበር። ታሪኩን ወስዳ ብታሳየው ወደደው። «ግን ያላገባሽ ልጅ ነሽ፤ አባትሽ መጥተው ካልፈረሙ አላትምም» አላት። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ መምሬ እጅ ላይ ወደቀ።

«በማን ላይ የደረሰ ታሪክ ነው?» ሲሉ ጠየቋት።

«በማንም ላይ አልደረሰም አባባ። ከልቤ አውጥቼ ነው።»

«በማንም ላይ ካልደረሰማ ሐሰት ነው! ያልሆነውን ሆነ ብለሽ ጽፈሽ እኔን ልታስፈርሚኝ?» አንድ መስመር እንኳ ሳይሰሙ ከፊታቸው አባረሯት።

ሮማነወርቅ አመሏ እንደ አባቷ ነው፤ እንቢ ሲሏት ይብስባታል። አባቷ ቤተ ክርስቲያን በሚውሉበት ሰዓት የሰፈሩ ሴቶች ግቢዋ ተሰብስበው ጥጥ ይፈትሉ ነበርና፣ ለእነሱ ታነብላቸው ጀመር። ከጀጎል ውስጥ ሰፌድና ሞሰብ የምትሰፋው ሰዐዲያም ስፌቷን ይዛ ትመጣለች። ጎረቤቷ እመት በለጡ ግን ዘመድ ጥየቃ ገጠር ሰንብተው ስለነበር የደረሱት መጽሐፉ ከተጋመሰ ወዲያ ነው። ታሪኩ ልብ ወለድ መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ብርነሽ የሞተች ዕለት እንዝርቱ ሁሉ ቆመ። ሰዐዲያ «ያ ረቢ! አላህ ይዘንላት» አለች። እመት በለጡ ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት።

ከቤታቸው ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። «መምሬ፣ ባል የሌላት፣ ወገን የሌላት፣ ቄስ ሳታገኝ የሞተች አንዲት ምስኪን አለች። ክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው። ያስቡልኝ» አሉ። መምሬም ለምስኪን ሆዳቸው ይባባልና ስሟን እየጠሩ ሰነበቱ። በአርባዋ እመት በለጡ ዳቦ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው መጡ፤ ካህናቱም ፍትሐቱን በወጉ አደረሱላት።

ነገሩ የመጣው ዳቦው ሲቆረስ ነው። ቄስ ሀብተወልድ «ለመሆኑ ሟቿ የማን ወገን ነበረች?» አሉ።

«የሐኪም ጋራዋ ብርነሽ ናታ!» አሉ እመት በለጡ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዘበኛ ሳህሉ ቤቱ እዚያው ጋራ ላይ ነው። «እኔ የምኖረው ሐኪም ጋራ አይደለም እንዴ? በዚህ ሰሞን እዚያ ለቅሶ አልነበረም» አለ።

«እንዴት አልነበረም! እዚሁ የመምሬ ልጅ መጽሐፍ ላይ ሞታ፣ እኔ ራሴ አይደለሁም ወይ ሳለቅስ የዋልኩት?»

ዳቦው በካህናቱ ጉሮሮ ቀረ። መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ አሉና ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ገና ከበር። «ለሌለ ሰው ፍትሐት አስደረግሽኝ! በካህናት ፊት አዋረድሽኝ! አምጪው ያንን ሐሰትሽን። ከነውሩ እሰማውና እዚሁ ምድጃ ውስጥ ይገባል።»

ሮማነወርቅ ወረቀቷን ዘርግታ ከመጀመሪያው ጀመረች። መጀመሪያ መምሬ የሚሰሙት ጥፋት ፍለጋ ነበር። አገኙም። «ቆይ! ረቡዕ ነው ያልሽው። ክርስቲያን ሴት በረቡዕ ሥጋ ትጠብሳለች?»

«ስቼ ነው አባባ።»

«አርሚው!»

አረመችው፤ ልቧም ትንሽ መለስ አለ። ሊቃጠል ነው የሚባል ወረቀት አርሚው አይባልማ። ቀጠለች። መምሬ መቆጣት ተዉ፤ ቀጥለው ማጉረምረም ተዉ፤ ቀጥለው ፂማቸውን ማሸት ተዉ። ብርነሽ ለመጨረሻ ጊዜ ጋራውን ስትወጣ፣ ጉልበቷ ሲከዳት፣ «ኧረ ቄስ ጥሩልኝ» ስትል፣ ሽማግሌው ከመደቡ ተነሡ።

«ከሐኪም ጋራ እዚህ ድረስ ስንት መንገድ ነው?» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «እኔ እዚሁ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ሰው እንኳ ሮጦ አይጠራኝም ነበር?»

ሮማነወርቅ ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ያን ጊዜ ከእግሯ እስከ ራሷ ደስታ ወረራት፤ ጸሐፊ መሆኗን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። መምሬም ያሉት ነገር ለራሳቸው ተሰማቸውና አፈሩ። እሷ አልሳቀችም፤ እሳቸውም ወደ ምድጃው አላዩም።

«ጨርሺው» አሉ ቀስ ብለው። ጨረሰችላቸው።

በማግስቱ አባትና ልጅ አርመኑ ዘንድ ሄዱ። መምሬ ዓይናቸውን አጥብበው፣ በትልልቁ ፈረሙ። አታሚው ብዕሩን አንሥቶ «ከርዕሱ በታች ምን ላድርግበት? እውነተኛ ታሪክ ነው ወይስ ፈጠራ?» ሲል ጠየቀ።

መምሬ መልሱን ለልጃቸው ተዉት።

«ፈጠራ ነው» አለች ሮማነወርቅ አንገቷን ቀጥ አድርጋ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የፈጠርኳት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ይህች ብርነሽ የሚሏት ሴት አልኖረችም በሉኛ?»

መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ መሬቱን በመቋሚያቸው መቱት።

«አንተ ሰው፣ ዝም ብለህ አትም! ፍትሐቷን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ላልኖረች ሴት ፍትሐት ይደርሳል?»